ሁለት ጣት ትርፍ

ከበሩ ደፍ እስከ ግቢው መሬት አራት ደረጃ ነው። አራት ደረጃ ለጤነኛ ሰው ምንም ማለት አይደለም፤ ሕፃን ዘሎ ይወርደዋል፣ ድመትማ ጭራሽ አትቆጥረውም። ልብስ ሰፊዋ ግን ስምንት ወር ሙሉ ስትቆጥረው ከረመች። ባሏ ከሁለተኛ ፎቅ መወጣጫ ርብራብ ላይ ወድቆ ከወገቡ በታች አልታዘዝ ብሎታል። ከሆስፒታል የመጣ ቀን አራት ጎረምሶች ተሸክመው በእነዚያ ደረጃዎች አስገቡት፤ ከዚያ ወዲህ አልወረደባቸውም። ዳግመኛ እንደ ጆንያ አልሸከምም አለ። እሱ አልሸከምም ካለ አለ ነው።

ሰውየው ግንበኛ ነው። የሥራ ጓደኞቹ ያወጡለት ስም ቱንቢ ነው፤ ቱንቢ ማለት ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበት፣ በክር ጫፍ የሚንጠለጠል ብረት ነው። እሱ ግን ብረቱም አያስፈልገው። የተጣመመ ነገር በዓይኑ ብቻ ይለያል፤ ካየም አያስችለውም። ለቅሶ ቤት ሄዶ እንኳ ከሟቹ ይልቅ የቤቱ ግድግዳ መንጋደድ ያስለቅሰዋል እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ሁለቱ ከተጋቡ ማግስት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አባታችን ሆይን የሚደግሙት ለሁለት ተካፍለው ነው። እሷ ትጀምራለች፤ የዕለት እንጀራው ላይ ስትደርስ እሱ ይቀበልና እስከ አሜን ያደርሰዋል። ከወደቀ ወዲህ ግን አይቀበላትም። የእሱ ተራ ሲደርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። እሷም የእሱን ድርሻ አትልለትም። ጸሎቱ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ዝም ብላ ትጠብቅና አሜን ብላ ትነሳለች። ሰው ቢሰማት ጸሎቱ ጠፋባት ሊል ይችላል። አልጠፋባትም። ልብስ ሰፊ ናትና ቦታ መተው ታውቃለች።

አንድ ቀን ቁስሉን ልታጥብ በየሳምንቱ የምትመጣው ነርስ ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ ልብስ ሰፊዋን በር ላይ አቆመቻት። ጀርባው ላይ ያለው የመኝታ ቁስል እየሰፋ ነው፤ ካልተነሳ፣ ካልተቀመጠ፣ ፀሐይና አየር ካላገኘ ሰውየውን የሚገድለው አወዳደቁ ሳይሆን አልጋው ነው አለቻት። ይህን ያለችው በዝግታ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ ግን እንደ ጩኸት ሰማችው።

ዊልቸር አለው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ያመጡለት ነው፤ ከአንዱ ማዕዘን ታጥፎ፣ አንሶላ ለብሶ ቆሟል። አንሶላውን ያለበሰችው እሷ አይደለችም፤ ዓይኑ እንዳያየው ሽፍን አድርጊው ብሎ እሱ ነው ያስለበሳት።

የዚያን ዕለት ግቢው መሃል ቆማ፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ቀና ብላ እግዚአብሔርን አነጋገረችው። ረጅም ጸሎት አልነበረም። ደረጃውን አፍርስልኝ አላለችም፣ ባሌን አሁን አስነሳልኝም አላለችም፤ ያንን ስምንት ወር ስትለው ቆይታለች፣ መልሱንም እሱ ያውቃል። ያለችው ይኼን ብቻ ነው፤ «እኔ እጄን አነሳለሁ፤ አንተ አትልቀቀኝ።» ከዚያ ሜትሯን ዘርግታ ደረጃውን መለካት ጀመረች።

ያሰበችው ከበሩ ደፍ ተነስቶ ቀስ እያለ መሬት የሚደርስ የጣውላ መውረጃ ነው። ግን ምን ያህል ይርዘም? በማግስቱ ጀርባውን እያጠበች እንደ ዋዛ ጠየቀችው፤ ጎማ ያለው ነገር እንዲወርድበት ለአንድ ሜትር ከፍታ ስንት ሜትር ርዝመት ይበቃል አለችው። ሰውየው ፊቱን ከግድግዳው ሳያነሳ «አስራ ሁለት» አላት። ለምን ጠየቅሽ የለ፣ ምን የለ። ሙያ እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ቢያኮርፍም እሱ አያኮርፍም።

ከደፉ እስከ መሬት ስልሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር ነው። በአስራ ሁለት አባዛችው፤ ስምንት ሜትር ከምናምን መጣ። ግቢው እስከ ውጭ በር ዘጠኝ ሜትር ተኩል ነበር። እግዚአብሔር ይህን ቤት ሲሰጠን አስቦበታል አለች ለራሷ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ግቢው ጠበበን ብላ ማማረሯን ግን በዚያች ሰዓት አላስታወሰችም።

ጣውላው አጥሩ ሥር ተቆልሎ ነበር። የቱንቢ የራሱ ነው፤ የወደቀበት ርብራብ የተሠራው በእሱ ጣውላዎች ስለነበር ጓደኞቹ ከመሣሪያዎቹ ጋር ጭነው አምጥተው እዚያ ከመሩት። ሰውየው ይህን ሲሰማ አቃጥያቸው ብሏት ነበር። አልጋው አጠገብ ያለው መስኮት ወደ ግቢው ስለሚያሳይም መጋረጃውን ዘጋ፤ ስምንት ወር አልከፈተውም። እሷ ግን አላቃጠለችም። ጣውላው ምን አጠፋ? ዝናብ እንዳይመታው ላስቲክ አልብሳ ተወችው።

የሚረዳት ጎረቤቷ ጡረተኛው ሾፌር ነበር። ሆዱ ቀድሞ የሚገባ፣ ምክሩ የማያልቅበት፣ ደግ ሰው ነው። ዕድሜ ልኩን ከባድ መኪና ስለነዳ መውረጃና መውጫ የሚባል ነገር የእኔ ጉዳይ ነው አለና መጋዙን ይዞ መጣ። ጣውላው የሚያርፍባቸው ቋሚዎች አስራ ስምንት ናቸው፤ ሁለት ሁለት ሆነው ከበሩ እስከ ግቢው መጨረሻ እያጠሩ ይሄዳሉ። ልብስ ሰፊዋ እያንዳንዱን ለካች፣ በልብስ ጠመኔዋ አሰመረች፣ ሾፌሩ ቆረጠ። ሁለት ቀን ፈጀባቸው። የስፌት ደንበኞቿ እየመጡ ልብሳችንስ ሲሏት በሚቀጥለው ሳምንት እያለች መለሰቻቸው፤ አንዷማ ሰፊዋ አናጢ ሆነች ብላ እየሳቀች ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ቋሚዎቹን ተክለው የመጀመሪያውን ጣውላ በሩ ጋ አጋደሙት። ጣውላው ከደፉ በላይ ቆመ። ብዙ አይደለም፤ ሁለት ጣት። ግን ሁለት ጣት ለዊልቸር ጎማ ግንብ ነው። ሾፌሩ ወደ ሁለተኛው ቋሚ ሄደ፤ ሁለት ጣት ረዝሟል። ሦስተኛው፣ ሁለት ጣት። አስራ ስምንቱም ልክ እንደ ተማከሩ ሁለት ሁለት ጣት ረዝመዋል።

«እታለም፣ ምን ጨመርሽበት?» አላት።

«ምንም። ለስፌት የሚተወውን ብቻ።»

ሾፌሩ አፉን ከፍቶ አያት። ልብስ ሰፊዋም የተናገረችውን ገና ያኔ ሰማችው። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ስትቆርጥ ሁለት ጣት ትርፍ ሳትተው ቆርጣ አታውቅም፤ ለስፌቱም፣ ነገ ለሚወፍረው ሰውም። እጇ ሳይጠይቃት እንጨቱም ላይ ትርፉን ተወ። ሾፌሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሷ ግን ቋሚዎቹን አየች፣ የሁለት ቀን ልፋቷን አየች፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

በዚህ መሃል ከመጋረጃው ኋላ አንድ ድምፅ ተሰማ። ሳል መሰላት። ቁስሉ አመመው ብላ ደነገጠች። ሳል አልነበረም። ባሏ እየሳቀ ነበር፤ ስምንት ወር ያልተከፈተ በር ሲከፈት ሲጥ ሲጥ እንደሚለው እየተቆራረጠ ይስቃል።

«ጣውላ እኮ አይሰፋም፣ አንቺ ሴት» አለ ከውስጥ።

ከዚያ መጋረጃው ተከፈተ። ፂሙ አድጓል፣ ፊቱ የግድግዳውን ቀለም ይዟል። ቋሚዎቹን አንድ በአንድ አየ። ያጠረ ቢሆን ኖሮ ነበር ጉዱ፤ የረዘመ ይቆረጣል፣ ያጠረውን ማን ይቀጥለዋል ብሎ እንደ ድሮው እንደ አለቃ መናገር ጀመረ። ሾፌሩ በደስታ ብዛት ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አለና፣ ምን እንዳለ ሲገባው ከንፈሩን ነከሰ። ቱንቢ ግን አልተቀየመም። እንቁላሉ እድለኛ ነው አለ።

ደስታው ረጅም ዕድሜ አልነበረውም። ዓይኑ ከቋሚዎቹ ወደ ጣውላው ክምር ሄደና ፊቱ ተለወጠ። እነዚያን ጣውላዎች ነው የምትሠሪበት ሲል ጠየቃት። ሌላ የለኝም አለች። አቃጥያቸው አላልኩሽም? ብለኸኛል፣ አልሰማሁህም አለችው። መጋረጃውን እንደገና ሊዘጋ እጁን ዘረጋ።

ልብስ ሰፊዋ አልለመነችውም። ልመናው ስምንት ወር ሞክራው አልሠራም። ጣውላውን አስተካከለች፣ ሚስማር አንስታ አፏ ውስጥ ያዘች፣ መዶሻውን አነሳች። እንግዲህ ይዝጋ። ቋሚዎቹን ኋላ ታሳጥራለች፤ እስከዚያ ጣውላዎቹን እርስ በርስ እየገጠመች ትጠብቃለች።

«ሳትመቺው ነው የምትቸነክሪው?» አለ ባሏ። መጋረጃው ግማሽ ላይ ቆሟል።

ግንበኞች እንዲህ ያደርጋሉ፤ የመወጣጫ ጣውላ ከመረገጡ በፊት አንዱ ጫፉ ከፍ ተደርጎ በመዶሻ ይመታል። ጤነኛ ጣውላ ጥርት ብሎ ይጮኻል። ውስጡ የተሰነጠቀ ግን የታፈነ፣ የሞተ ድምፅ ይሰጣል፤ ከላይ ምንም አይታይበትም፣ ድምፁ ግን አይዋሽም። ቱንቢ በዚህ ጆሮው ይታወቅ ነበር። አሁን ሚስቱን አዘዛት። መታች። ጥርት ያለ ነው። «ጥሩ» አለ። ሁለተኛውን መታች። «ጥሩ።» አምስተኛው ላይ «ጣይው» አላት፤ ሾፌሩ አገላብጦ ቢያየው አንድም ስንጥቅ አላገኘበትም፣ ግን ጣለው። እንዲህ እያሉ ሃያ ስድስት ጣውላ ሄዱ። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ ጠዋት ከሰው ፊት የዞረው ፊት አሁን ወደ መስኮቱ ዞሯል። ልብስ ሰፊዋ እጇ እየዛለ እግዚአብሔርን አመሰገነች፤ መዶሻው እንዳያቋርጥ ግን በሆዷ ነው ያመሰገነችው።

መጨረሻ ላይ ከክምሩ ሥር አንድ ለሁለት የተሰበረ ጣውላ ቀረ። ለማገዶ ካልሆነ ለምንም አይሆንም፤ እጇ ስለለመደ ብቻ ግማሹን አንስታ መታችው። የሞተ ድምፅ ነበረው። ባሏ ጣይው አላላትም። ቀና ስትል ፊቱ እርጥብ ነው።

ሾፌሩ ነገሩ ገብቶት ውኃ ጠማኝ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። እሷ ገባች፤ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች።  የወደቅኩ ዕለት ጠዋት ይህችን ጣውላ መትቻታለሁ አላት። ድምፅዋን ሰምቻለሁ። ለመቀየር ግን ወርጄ ሌላ መሸከም ነበረብኝ፤ ሲሚንቶው ተቦክቷል፣ ሊደርቅ ነው፣ ሰዉ ይጠብቃል።

«እግዚአብሔር ያውቃል ብዬ ረገጥኳት» አለ። «እምነት ነው ብዬ። እምነት አልነበረም፤ ስንፍና ነው። ከዚያ ስወድቅ ለምን ጣልከኝ ብዬ እሱን ከሰስኩት። በየጠዋቱ የኔ ተራ ሲደርስ በደላችንን የምትለው ቦታ ላይ ስደርስ ምን ብዬ ልበል?»

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ የተሰማት ርኅራኄ አልነበረም፤ እውነቱን እንናገርና የተሰማት ንዴት ነው። ስምንት ወር ሙሉ እሱ እግዚአብሔርን ሲከስ እሷ ጠበቃ ሆና ስትሟገት ከርማለች። ለካ ተከሳሹ ሌላ ነው። ተነሳች፣ ወጣች፣ መጋዙን አንስታ ቋሚዎቹን ማሳጠር ጀመረች። አንዱን ቆረጠች። ሁለተኛውን ቆረጠች። ሦስተኛው ላይ ንዴቷ አለቀ፤ ከቋሚው ላይ ተቆርጣ የወደቀችውን የሁለት ጣት ቁራጭ በእጇ ይዛ ትንሽ ቆመችና ተመልሳ ገባች። ቁራጯን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ጨርቅ ስቆርጥ ለምን ትርፍ እንደምተው ታውቃለህ?» አለችው። «ሰው ስለሚሳሳት ነው። እኔ ስለምሳሳት። ትርፍ የሌለው ልብስ አንዴ ከተበላሸ ተበላሸ ነው። እግርህ ሄደ። እጅህ አለ። ያ ጆሮህ አለ። እኔ ደግሞ አለሁ። እግዚአብሔር ቢጨክንብህ ኖሮ ይህን ሁሉ ለምን ይተውልሃል? ይቅር ማለት የሱ ሥራ ነው። ያንተ ሥራ መናገር ነበር፤ ተናግረሃል።»

ቱንቢ ቁራጯን እንጨት አገላብጦ አያት፣ በጥፍሩ መታ አደረጋትና ጆሮው አጠገብ ያዛት። ከዚያ መጋዝሽ እየተንጋደደ ነው፣ ክርንሽን ወደ ጎንሽ አስጠጊው አላት። መጋረጃውም የዚያን ቀን አልተዘጋም።

ከዚያ በኋላ ያለው አምስት ቀን ሥራው በመስኮት ነበር የሚታዘዘው። ቀረበች፣ ራቀች፣ ዝቅ፣ ከፍ፤ ሾፌሩ በሠላሳ ዓመት መንገድ ላይ ይህን ያህል ትእዛዝ ሰምቼ አላውቅም ብሎ አማረረ፤ ግን በማግስቱ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣል። ምሽት ምሽት ልብስ ሰፊዋ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመልሳ ለዊልቸሩ መቀመጫ ትራስ ሰፋች፤ ቁስሉ እንዳይጫን መሃሉን ጎድጓዳ አድርጋ። ጠዋት ጠዋት ጸሎቱ እንደ ቀድሞው ነበር፤ እሷ ግማሹን ትላለች፣ የእሱን ቦታ ትተዋለች። ፊቱን ወደ ግድግዳው ማዞር ትቷል፤ ድምፁ ግን ገና አልመጣም። አላስገደደችውም።

መውረጃው አለቀ። አንሶላው ከዊልቸሩ ላይ ተነሳ። ሾፌሩና እሷ ቀስ ብለው ቱንቢን አስቀመጡት፤ ከስምንት ወር በኋላ ዓለምን ቀና ብሎ ሲያያት ራሱን አዞረው፣ ጥቂት ታገሡት። በሩ ተከፈተ። ጎማው ደፉ ላይ ደረሰ፤ ደፉና ጣውላው አሁን እኩል ናቸው። እዚያ ሲደርስ ሰውየው ሁለቱንም ጎማ በእጁ ጨብጦ አቆመው። 

«ይችላል?» አለ። ድምፁ ያንን ሁሉ ሲያዝዝ የከረመው ሰውዬ ድምፅ አይመስልም።

ሾፌሩ ጣውላው ላይ ወጥቶ ዘለለ፤ እኔን ከቻለ አንተንም ይችላል አለ። እሱ ግን የሚያየው ሾፌሩን አልነበረም፤ ሚስቱን ነው። የፈራው ጣውላውን ብቻ እንዳልሆነ ገባት። አንዴ እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ ረግጦ ወድቋልና ዳግመኛ እንዴት እንደሚታመን አላወቀበትም። ደፉን እንደማያልፍም አየች፤ ዛሬ ካልወረደ ነገ አይወርድም፣ ነገ ካልወረደ ያ ቁስል አለ። ፊቱ ተንበረከከች።

«ጣውላውን አንተ ሰምተኸዋል፤ አንድ በአንድ። እኔ ቸንክሬዋለሁ። የቀረው የእግዚአብሔር ነው። የቀረው ስልህ ደግሞ ትንሽ ነው ማለቴ አይደለም።»

 ቱንቢ እጁን ከጎማው ላይ አነሳ። እሷ ከኋላ መያዣውን ጨበጠች፤ ጎማው ደፉን አለፈ፤ የመጀመሪያው ጣውላ ጮኸ፣ ጥርት ያለ ነበር። ሁለተኛው ጮኸ። ሰውየው በየጣውላው ላይ በከንፈሩ አንድ ነገር ይል ነበር፤ ጎንበስ ብላ ስትሰማው «ጥሩ፣ ጥሩ» እያለ ነው። መሃል ሲደርሱ ልቀቂው አላት። እጇ እምቢ አለ። እንደገና ልቀቂው አላት፣ ለቀቀች። የቀረውን አራት ሜትር በራሱ እጅ፣ ጎማውን እየያዘ እየለቀቀ፣ ቁልቁል ወረደ። እሷ ባዶ እጇን እንደዘረጋች ከኋላው ተከተለችው፤ ሾፌሩ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ አፍንጫውን ተናፈጠ።

ቱንቢ መሬት ደረሰ። ዊልቸሩን አዞረ። ፀሐይ ፊቱ ላይ አረፈች፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ፤ መውረጃውንም ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ለፊት አየው። አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየው። ልብስ ሰፊዋ ምን እንደሚል ታውቅ ነበር።

«ወደ ግራ ዘንበል ብሏል» አለ። «አራተኛው ቋሚ ነው። ነገ እናስተካክለዋለን።»

ስምንት ወር ሙሉ ከአፉ ነገ የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም ነበር። ልብስ ሰፊዋ እንባዋ መጣ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ ግን እንዳያይባት ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ መጠቅለል ጀመረች።

«ነገ ስንት ሰዓት?» አለችው፣ ድምፅዋን እንደምንም አስተካክላ።

«ከጸሎት በኋላ ነዋ» አለ። «የኔን ድርሻ ልጨርስና።»